ሽንኩርቱን ሳትጨርስ በርበሬውን አታንሳ

ልጄ፣ ወጥህ ሲቀጥን፣ ውሃውና ቅባቱ ለየብቻ ሲሄዱ፣ በርበሬውን አትማ። እናትህ የላከችልህን በርበሬ አውቀዋለሁ፤ ሲቀነጠስም፣ ሲደለዝም፣ ሲሰጣም አጠገቧ ነበርኩ። ምንም አልጎደለውም። በስልክ ከነገርከኝ ሁሉ ጆሮዬ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሽንኩርቱን በዘይት ጠበስ አደረግኩና በርበሬውን ጨመርኩ» ያልከው። ጠበስ አደረግኩ! ወጡ እዚያው ላይ አበቃለት። ከዚያ በኋላ ዶሮው ሰባት ጊዜ ቢታጠብ፣ ቅቤው ቢነጠር፣ መከለሻው ቢነሰነስ አያድነውም።

የእኛ ቀይ ወጥ ማወፈሪያ ዱቄት አይገባበትም። ወጡን የሚያወፍረው፣ ቅባቱን ከውሃው ጋር የሚያስማማው፣ የበርበሬውን ቁጣ የሚያበርደው ቀልጦ የጠፋ ሽንኩርት ነው። «የጠፋ» ስልህ የእውነት የጠፋ ነው። እንግዳህ ከእንጀራው ላይ ሽንኩርት ለይቶ ማንሳት ከቻለ ወጥ ሠሪው ተቻኩሏል ማለት ነው። በርበሬ ቀለምና ግለት ይሰጣል፣ ቅቤ መዓዛ ይሰጣል፤ አካሉ ግን ሽንኩርቱ ነው። ሰው ሁሉ የበርበሬ ባለሙያ ሲፈልግ አያለሁ፤ ሽንኩርት የሚያቁላላ ባለሙያ የሚፈልግ ግን አላጋጠመኝም። ለእኔ የባለሙያ መለያው እዚህ ላይ ነው።

ሆም ኢኮኖሚክስ በማስተምርበት ዘመን ለአዲስ ተማሪ መጀመሪያ የምሰጠው ሥራ ይኸው ሽንኩርት ማቁላላት ነበር። ይስቃሉ። እቤታቸው ሲያዩት ያደጉት ነገር ነዋ! ከዚያ ምድጃው ፊት ይቆማሉ፤ ገና ሽንኩርቱ ውሃውን ሳይጨርስ እጃቸው ወደ እሳቱ ይሄዳል፣ እሳት ይጨምራሉ። የክፍሉ መስኮት ሁሉ የሚከፈተው ያኔ ነው።

አንተ ደግሞ ወንድ ልጅ ማጀት ምን አለው የሚሉህን ተዋቸው። በትልልቆቹ ሆቴሎች ምድጃ ፊት የሚቆሙት ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። ደመወዝ ሲከፈልበት ሙያ፣ ቤት ውስጥ ሲሆን ነውር የሚሆንበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አሁን ወደ ገበያው። ለአንድ የሐበሻ ዶሮ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት እይዛለሁ። አይበዛም ወይ አትበለኝ። ሽንኩርት ከአሥር እጅ ወደ ዘጠኙ ውሃ ነው፤ አንድ ኪሎ ከትፈህ እስከ መጨረሻው ብታቁላላው ድስቱ ግርጌ የሚተርፍህ ሩብ ኪሎ ገደማ ነው። የቀረው በእንፋሎት ይሄዳል። ለዚህ ነው ሽንኩርት ስትገዛ ውሃ አትግዛ የምልህ። አንገቱ የደረቀና የጠበበ፣ ልጣጩ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ፣ በጣትህ ስትጫነው የማይሰረጉድ ምረጥ። ያቆጠቆጠውን ተወው፤ ስኳሩን ለቡቃያው ሰጥቶታል። በክረምት የሚመጣው ብዙ ጊዜ በደንብ ሳይደርቅ ስለሚጫን ውሃ የጠጣ ነው፤ ሥራውን ያረዝምብሃል፣ ቤት ውስጥም ቶሎ ይበሰብሳል።

ከመቂና ከዝዋይ፣ ከአዋሽ ዳር፣ ከፎገራ የሚመጣውን ቀይ ሽንኩርት ነጋዴዎቹ ራሳቸው ይለዩልሃል፤ ቦምቤ ሬድ፣ አዳማ ሬድ እያሉ ይጠሩታል። መካከለኛ መጠን ያለው ይሻልሃል። ግዙፉ ለመላጥ ይቀላል እንጂ ለወጥ አያስቀናም። የሐበሻ ሽንኩርት የምንለውን ትንንሹን ካገኘህ ደግሞ፣ መላጡ ቢያስመርርህም ግማሽ ኪሎ ከትልቁ ጋር ቀላቅለው፤ ውሃው ትንሽ፣ ጣዕሙ ጠንካራ ነው። የድሮ ወጥ እንዲህ ነበር እያሉ ሽማግሎች ሲያወሩ የምትሰማው ግማሹ ትዝታ ቢሆንም፣ ግማሹ እውነት የዚህ ትንሽ ሽንኩርት ጣዕም ነው። ለፋሲካና ለገና ከሆነ ቀደም ብለህ ግዛ። በዋዜማው ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ ጎረቤትህ ለዒድ ሲያዘጋጅም ያው ነው። ደረቅ ቦታ፣ ነፋስ በሚገባው ዘንቢል ውስጥ ካስቀመጥከው ይቆይልሃል። ከድንች ጋር ግን አትደባልቀው፤ አንዱ ሌላውን ያበላሻል።

በበዓል ሰሞን በየገበያው ልጠው ከትፈው የሚሸጡ አሉ። ጊዜ ከሌለህ አልነቅፍህም። ነገር ግን የዚያኑ ዕለት፣ ዓይንህ እያየ የተከተፈ ይሁን። ተከትፎ ያደረ ጥሬ ሽንኩርት ይመርራል፣ ሽታውም ማቀዝቀዣውን ይወርሳል።

ስትከትፍ የሚያስለቅስህ ነገር ሙሉው ሽንኩርት ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅህ አይደለም። ቢላው ሲያርፍ ተለያይተው ይኖሩ የነበሩ ነገሮች ይገናኛሉ፤ ኤንዛይሞቹ ሥራ ይጀምራሉ፤ ዓይን የሚያቃጥለው ጋዝ ያኔ ይፈጠራል። ጋዙን የሚሠራውን ኤንዛይም ለይተው ያወጡት የጃፓን ተመራማሪዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2002። ከዚያ በፊት ጋዙ ራሱን ችሎ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። መጀመሪያ አስቆ ኋላ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠውን ኢግ ኖቤል የሚባለውን ሽልማትም በ2013 ወስደውበታል። እናቶቻችን ሽልማት ሳይጠብቁ ሲያለቅሱበት ኖረዋል። ከዚህ የምትወስደው ነገር ቢላህን መሳል ነው። ደነዝ ቢላ ሽንኩርቱን ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀው በበዛ ቁጥር እንባህም ይበዛል። ሽንኩርቱን ከመክተፍህ በፊት ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ብታቆየው ደግሞ ጋዙ ይዳከማል።

ሥሩን ሳትቆርጥ ያዝ፤ ንብርብሩን አያይዞ ይጠብቅልሃል። ደቃቅ አድርገህ ክተፈው፣ ከድቀቱ ይልቅ ግን እኩል መሆኑን አስብ። ትልቁ ገና ጥሬ ሳለ ትንሹ ያርራል። ከከተፍከው በኋላ አትጠበው፤ ስኳሩን በውሃ ትሸኘዋለህ። ብሌንደር አምሮህ እንደሆነ አውቃለሁ። ብሌንደር ሽንኩርቱን ከትፎ አይሰጥህም፤ ፈጭቶ ያጠጣዋል። ያ ጭማቂ እስኪተን ከሚወስድብህ ጊዜ በቢላ መክተፉ ያጥራል። ክንድህ እምቢ ካለህ እየነካህ እየለቀቅህ፣ ፍርፍር ሲል አቁመው።

ድስትህን አይቼዋለሁ፤ አልወደድኩትም። ስስ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ጥልቅ ነው። ለሽንኩርት ሦስቱም ጠላት ናቸው። ወፍራም ቂጥ ያለው፣ አፉ ሰፊ የሆነ ድስት ፈልግ። የማያስይዝ ቅባት የተቀባውንም ለዚህ ሥራ አልመርጠውም፤ ሽንኩርቱ ታች ትንሽ መያዝ አለበት፣ ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ። ሸክላ ድስት በከሰል ላይ የሚያህለው የለም፤ ግለቱን ቀስ ብሎ ይወስዳል፣ ቀስ ብሎም ይሰጣል። የኮንዶሚኒየምህ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ግን እንዳትሞክረው፣ ይሰነጠቅብሃል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሌላም ጠባይ አለው፦ ስታጠፋው አይጠፋም። ግለቱ ብረቱ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ሽንኩርቱ ሊያርርብህ ሲል ማብሪያ ማጥፊያውን ከመነካካት ድስቱን አንሳው።

ድስቱ ይሙቅ፣ ደረቅ ይሁን። ዘይት የለም፣ ቅቤ የለም። ሽንኩርቱን ጨምርና አንድ ቁንጥር ጨው ነስንስበት፤ ጨው ውሃውን ቶሎ ይስባል። መካከለኛ እሳት ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ክደነው፤ አልፎ አልፎ ከፍተህ አማስለው። ውሃውን ሲለቅ ክዳኑን አንሳና ወደ ሌላ ክፍል ውሰደው፤ ከእንግዲህ አያስፈልግህም። የሚተነው እንፋሎት ክዳኑን እየነካ ወደ ድስቱ ከተመለሰ ሥራው አያልቅም።

ዘይቱ ለምን አይቀድምም ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ዘይት ከውሃ በላይ መሞቅ ይችላል። ሽንኩርቱ ገና ጥሬ ሳለ የጋለ ዘይት ካገኘው ውጭው ይጠበስና ቅርጹን ይይዛል። ኋላ እስከ ሌሊት ብታማስለው ወጡ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይቀልጥም። ለጥብስ ከሆነ ጥሩ፣ እዚያ ሽንኩርቱ እንዲታይ ነው የምንፈልገው። ፈረንሳዮችም ለሽንኩርት ሾርባቸው ረጃጅም አድርገው ቆርጠው በቅቤ ነው የሚያበስሉት፤ በማንኪያ ሲነሳ እንዲታይ ይፈልጉታል። የእኛ ፍላጎት ሌላ ነው፤ እኛ የምንፈልገው እንዲሟሟ ነው።

ውሃው መጥቶ ሲንተከተክ ምንም እየሆነ አይመስልህም። ሃያ ደቂቃ፣ ሠላሳ ደቂቃ፣ ቀለሙ ያው ነው። እጅህ ወደ እሳቱ የሚሄደው እዚህ ጋ ነው፤ መልሰው። ውሃ ድስቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ሽንኩርቱ ከውሃው መፍያ በላይ አይግልም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ድሬዳዋ ካለው ሰው ሽንኩርት የአንተ ለመላም ትንሽ ይቆያል። ቡናማው ቀለም ግን ከዚህ እጅግ ከፍ ያለ ግለት ይፈልጋል፤ በደንብ የሚፈጥነው ከ140 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነው። የሽንኩርቱ ስኳርና የፕሮቲኑ መሥሪያ የሆኑት አሚኖ አሲዶች ተገናኝተው የሚያወጡት ቀለምና ሽታ ነው፤ ሉዊ ካሚል ማያር የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1912 ጽፎለታል። የዳቦው ልጣጭ፣ የቡናው ቁሌት፣ ሁሉም የእሱ ነገር አለባቸው። ከዚህ ላይ ስኳሩ ለብቻው ደግሞ ይነድዳል። ታዲያ ውሃው ሳያልቅ ከዚህ አንዱም በወጉ አይጀምርም።

እሳት ስትጨምር ምን ይሆናል? ታች ያለው ይደርቅና ያርራል፣ ላይ ያለው ገና ይፈላል። በአንድ ድስት ውስጥ ከሰልና ቅቅል ይዘህ ትቀራለህ። ማፍጠን የሚቻለው በእሳት ሳይሆን በስፋት ነው። ሦስት ኪሎ ሽንኩርት አንድ ጥልቅ ድስት ውስጥ ከምታጭቅ ለሁለት ሰፋፊ ድስቶች ክፈለው፤ እንፋሎቱ መውጫ ያገኛል፣ ጊዜህም በግልጽ ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ አንድ ድስት ውስጥ ትገለብጠዋለህ። ይህን ዘዴ ለድግስ ስሠራ ሁልጊዜ እጠቀምበታለሁ፣ ሰው ግን ሁለት ድስት ማጠብ ስለማይወድ አይሰማኝም።

ጆሮህንም ተጠቀምበት። መጀመሪያ መንተክተክ ነው፤ ከዚያ ድምፁ እየሳሳ ወደ ቸስታ ይለወጣል፤ ማማሰያው ሲያልፍ የድስቱ ቂጥ ይታይሃል፣ ሽንኩርቱም ቶሎ አይመለስበትም። አፍንጫ የሚቆነጥጠው ሽታ ሄዶ ጣፋጭ ሽታ ይመጣል። እስከዚህ ድረስ ሽንኩርቱን ትንሽ ረስተህ ሌላ ሥራ መሥራት ትችል ነበር። ከዚህ በኋላ ግን ስልክ አታንሳ። እኔ ብደውልም አታንሳ።

አሁን ታች መያዝ ይጀምራል። ቡናማ ነገር የድስቱን ቂጥ ይለብሰዋል። አትደንግጥ፣ ስትጠብቀው የነበረው ይኸው ነው። አጠገብህ በአንድ ጀበና ወይም ማሰሮ የፈላ ውሃ ይኑር፤ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጠብ አድርግና ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ የእንጨት ማማሰያ ያንን ቡናማ ፋቀው። ሽንኩርቱ ውስጥ ይሟሟል፣ ቀለሙም ወዲያው ይለወጣል። ውሃው ይተን፣ እንደገና ይያዝ፣ እንደገና ጠብ አድርግ። ቀዝቃዛ ውሃ አታድርግ፤ ድስቱን ያበርደዋል፣ አንተም ከኋላ ትጀምራለህ። አንዴ ብዙ ውሃም አትጨምር፤ ያ መቀቀል ነው። ይህ መያዝና መፋቅ ነው ወጡን ጥቁር ቀይ የሚያደርገው። ብዙ ሰው የወጥ ቀለም ከበርበሬ ብዛት ይመስለዋል፤ በርበሬ ጨምሮ ጨምሮ ሰው የማይበላው ወጥ ይሠራል።

ቡናማና ጥቁር ግን አይምታቱብህ። ቡናማው ውሃ ሲነካው ይለቃል፤ ጥቁሩ አይለቅም፣ ሽታውም ጉሮሮ ይይዛል። ጥቁር ካየህ አትፋቅ! ላይ ላዩን ያለውን ቀስ ብለህ ወደ ሌላ ድስት አዛውር፣ የታችኛውን እዚያው ተወው። ያዳንከውን ቅመሰው። ከመረረ ሁሉንም ድፋው። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት መድፋት ያሳዝናል፤ ዶሮውን፣ ቅቤውንና እንቁላሉን አብሮ መድፋት ደግሞ የበለጠ ያሳዝናል። ምሬት በኋላ በቅመም አይሸፈንም።

ጊዜውን ልንገርህ፣ እንዳትታለል። አንድ ኪሎ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፤ ሦስት ኪሎ አንድ ድስት ውስጥ ከሆነ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ። «ሽንኩርቱን አሥር ደቂቃ አቁላሉ» የሚሉ የምግብ መጻሕፍትም የቴሌቪዥን ዝግጅቶችም አሉ። አንድም ቀን ቆመው ሰዓት አልያዙም ማለት ነው። በአሥር ደቂቃ ሽንኩርት ይልማል፣ ከዚያ አያልፍም።

አቋራጮቹን አውቃቸዋለሁ፣ ተማሪዎቼ ያልሞከሩት የለም። ስኳር የሚጨምሩ አሉ፤ ቀለሙ ቶሎ ይመጣል፣ ወጡ ግን ይጣፍጥና ቁም ነገሩ ይጠፋል። ቤኪንግ ሶዳ የሚጨምሩ አሉ፤ አልዋሽህም፣ ይሠራል። አንድ ቁንጥር ሶዳ ሽንኩርቱን ቶሎ ያጠቁረዋል፣ ቶሎም ያሟሟዋል። ትንሽ ከበዛ ግን ሳሙና የሚመስል ጣዕም ይተዋል፣ መጠኑን በትክክል የያዘ ሰውም ብዙ አላየሁም። ለዘወትር ምስር ብታደርገው ዓይኔን እጨፍንልሃለሁ፤ ለዶሮ ግን አይሆንም። ቲማቲም ቀድሞ መጨመርማ ጭራሽ አይታሰብ። ኮምጣጣነቱ ሽንኩርቱ እንዳይልም ይይዘዋል፣ ቀለሙንም ያዘገየዋል። ስልስ ስትሠራ እንኳ ሽንኩርቱ ከላመ በኋላ ነው ተራው።

እስከ ምን ድረስ ላቁላላው ካልከኝ፣ እንደ ወጡ ነው። ለዶሮ ወጥ ጥቁር ማር እስኪመስል ድረስ ሂድ፤ በማንኪያ ስትጫነው ክትፉ አይታይም። ለምስር ወጥና ለሥጋ ወጥ ወርቃማው ላይ ብታቆም ይበቃል። ለሽሮ ከዚያም ያነሰ፤ ሽሮው ራሱ ወፍራም ስለሆነ ጥቁር ሽንኩርት ይጫነዋል። አልጫ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ቀለም እንዳያነሳ። ብርሃን እስኪያሳልፍ ልሞ፣ ነጭ እንደሆነ ዘይቱ ይግባበት። አልጫ የእርዱን ቀለም ነው የሚለብሰው፤ ቡናማ ሽንኩርት ከገባበት አፈር ይመስላል። አንዳንዱ ሰው ዶሮ ወጥን ጥሩ አድርጎ ሠርቶ አልጫው የሚበላሽበት በዚህ ነው፣ እጁ ከለመደው አያቆምም።

ከዚህ በኋላ ዘይቱን ጨምር። ሽንኩርቱ ውሃ ስለሌለው ዘይቱን እንዴት እንደሚጠጣው ታያለህ። አምስት ደቂቃ ያህል አብረው ይዋሃዱ፣ እሳቱን ቀንስ፣ በርበሬውን ጨምር። በርበሬም የራሱ ስኳር ስላለው ቶሎ ያርራል፤ ቀለሙና ማቃጠሉም የሚሟሟው በቅባት ነው እንጂ በውሃ አይደለም፣ ለዚህ ነው ቅባቱ የሚቀድመው። እንደ ሽንኩርቱ ሁሉ የፈላ ውሃ ጠብ እያደረግህ ግማሽ ሰዓት፣ አርባ ደቂቃ ያህል አብስለው። ጥሬ በርበሬ የበላ ሰው ደረቱ ያውቀዋል። ዘይቱ ከዳር ከዳር ሲለይ ደርሷል። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ንጥር ቅቤውን እንደ እናትህ ቤት ልማድ አግባው፤ በዚህ ከእሷ ጋር አታጣላኝ። ዶሮው አጥንቱ እስኪለቅ፣ እንቁላሉ መጨረሻ ላይ። መከለሻው ከእሳት ሊወርድ ሲል። ይህን ሁሉ ታውቀዋለህ።

በጾም ጊዜ ቅቤ ስለሌለ ሽንኩርቱ ይብሱን ይፈለጋል። የሁዳዴ 55 ቀን፣ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ፣ ምስሩንም ክኩንም የሚያጣፍጠው እሱ ነው። ቅቤ ጥፋት ይሸፍናል፤ ዘይት አይሸፍንም። የጾም ወጥ የሚያጣፍጥ ሰው የፍስኩን ለመሥራት አያቅተውም፣ ተቃራኒው ግን ሁሌ አይሆንም።

አንተ ቢሮ የምትውል ሰው ነህ፤ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ምድጃ ፊት ቁም አልልህም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት አራት ኪሎ አንድ ላይ አቁላላ። ወርቃማው ላይ ስትደርስ ከፊሉን አውጣ፣ ይህ ለምስርና ለሥጋ ወጥ ነው። የቀረውን ለዶሮ አጥቁረው። በርበሬ ሳይገባበት አቀዝቅዘውና ክዳን ባላቸው ትንንሽ ዕቃዎች ከፋፍለው፤ አንዱ ዕቃ ለአንድ ወጥ። ማቀዝቀዣ ውስጥ አራት አምስት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ሦስት ወር ያህል ይቆያል። አሜሪካ ያለችው የአጎትህ ልጅ ቤቷ ይህን ነው የምታደርገው፤ እዚያ ጭሱ ማስጠንቀቂያውን ስለሚያስጮኸው መስኮቱን ከፍታ፣ ክረምት ሳይገባ ታከማቻለች። በኤሌክትሪክ ዘገምተኛ ማብሰያም ሌሊቱን ታሳድረዋለች። እሱ ማብሰያ ክዳኑ ገጥሞ ከተዘጋ ውሃው ስለማይወጣ ይቀቅላል እንጂ አያቁላላም፤ ክዳኑን በማንኪያ ደገፍ አድርጋ ገርበብ እንድታደርገው ነግሬያታለሁ፣ ጠዋት ላይ ድስት ውስጥ ገልብጣ ሃያ ደቂቃ ታጠቁረዋለች። እዚያ የሚሸጠው ቢጫ ሽንኩርትም ያገለግላል። «ጣፋጭ» ተብሎ በውድ የሚሸጠውን ግን አትግዢ ብያታለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ጣፋጭ የሚመስለው የሚያቃጥለው ነገር ስለሚያንሰው ነው እንጂ ስኳሩ በዝቶ አይደለም፣ ውሃውም ብዙ ነው።

ከፍሪዘር ያወጣኸውን ቁሌት እስኪቀልጥ አትጠብቅ፤ ቀጥታ ድስት ውስጥ ጨምረህ በትንሽ እሳት ፍታው፣ ዘይቱን አስከትል። መብራት ጠፍቶ ቀልጦ ካገኘኸው ግን እንደገና አታስቀዝቅዘው፣ የዚያኑ ቀን ምስር ሥራበት። ምስር ከሌለህ እኔ ጋ የተከካ አለ፣ መጥተህ ውሰድ። ስትመጣ ባለፈው ድርቆሽ የላክሁባቸውን ዕቃዎች ይዘህ ና፤ ክዳናቸውንም ጭምር።